ስለ ጂን ቁጥር 212 እና ስለማይከፈተው መሳቢያ

የተክል ጂኖች የሥራ ድርሻ ምደባ ቋሚ ኮሚቴ 31ኛ መደበኛ ስብሰባ

የተጀመረበት ጊዜ፦ ሰኞ፣ የወሩ 9ኛ ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡40 (ጥሪው ለ3፡00 ነበር)
ቦታ፦ የስብሰባ አዳራሹ ቁልፍ ስላልተገኘ ሁለተኛ ፎቅ፣ መዝገብ ክፍል፣ ከፋይል ካቢኔቱ ፊት ለፊት

የተገኙ፦
1. ሰብሳቢው፣ የተቋሙ ምክትል ኃላፊ
2. የሥር ክፍል ኃላፊዋ፣ አባል
3. የቅጠል ክፍል ኃላፊው፣ አባል (የእሳቸው ሴት ልጅ የሥር ክፍል ኃላፊዋን ወንድ ልጅ አግብታለች፤ ይህ ከኮሚቴው ሥራ ጋር ግንኙነት የለውም ተብሎ በ12ኛው ስብሰባ ተወስኗል)
4. የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ አባል
5. የችግኝ ቤት ሠራተኛው፣ በተለምዶ አባ ቧንቧ፣ ከዚህ በታች በተገለጸው ሁኔታ
6. የጂን 212 ተመራማሪ፣ ማብራሪያ ሰጪ፣ ያለ ድምፅ
7. ጸሐፊው፣ ያለ ድምፅና ያለ አስተያየት

ያልተገኙ፦ የአበባ ክፍል ኃላፊዋ (በሕመም ፈቃድ)፤ የዘር ክፍል ኃላፊው (ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ከሄዱ ሁለት ዓመታቸው)

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከስድስቱ አባላት ቢያንስ አምስቱ መገኘት ሲገባቸው የተገኙት አራት ብቻ ናቸው። ሰብሳቢው ስብሰባው ለአራተኛ ጊዜ ቢበተን ለበላይ አካል የሚሉት እንደሚያጡ ገለጹ። የንብረት ክፍል ኃላፊው አባ ቧንቧ አበቦቹን ለብዙ ዓመት ስላጠጡ የአበባ ክፍልን ቢወክሉ የሚከፋው የለም ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሐሳቡም ተደገፈ። አባ ቧንቧ ከነቦት ጫማቸው፣ የውኃ ጆጋቸውን እንደያዙ ተጠርተው መጡ። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቁ። ሰብሳቢው አምስት ደቂቃ ነው አሉ።

የንብረት ክፍል ኃላፊው ለእያንዳንዱ ተሰብሳቢ አንድ እርሳስ አስፈርመው ሰጡ። እሳቸው ሳያስፈርሙ የሚሰጡት ነገር ቢኖር ሰላምታ ብቻ ነው ይባላል። ጸሐፊው ይህን የሰማው ከሦስተኛ ወገን ነው።

ስለ ኮሚቴው ሥራ፦ ኮሚቴው የተቋቋመው ተቋሙ የሚያጠናውን የቲማቲም ተክል ጂኖች በሥራቸው ለመመደብ ነው። ጂን ማለት፣ አባ ቧንቧ ጠይቀው ተመራማሪዋ እንዳስረዳቻቸው፣ ተክሉ ሲበቅል ጀምሮ በውስጡ የያዘው የሥራ ትእዛዝ ነው። አንዱ ሥር ስደድ ይለዋል፣ ሌላው ቅጠል ዘርጋ ይለዋል። ኮሚቴው የእያንዳንዱን ጂን ሥራ አጣርቶ በካርድ ላይ ይጽፍና ካርዱን ለዚያ ሥራ በተሰየመው መሳቢያ ውስጥ ያስገባል። በደንቡ አንቀጽ 14 መሠረት መሳቢያ ያላገኘ ጂን በችግኝ ቤቱ ውስጥ መደርደሪያ አያገኝም፤ መደርደሪያ የሌለው ተመራማሪ ደግሞ ውሉ አይታደስም። የተመራማሪዋ ውል የሚያበቃው በዚሁ ሳምንት ዓርብ ነው። አራት ዓመት የደከመችበት ጂን 212 እስካሁን መሳቢያ የለውም። ሰብሳቢው ይህን ሲሰሙ ጉዳዩ እጅግ አጣዳፊ መሆኑን አምነው አምስተኛ አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝ አደረጉ።

ጸሐፊው ተመራማሪዋን እንደሌሎቹ «አሉ» ብሎ ይጽፍ እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ሰብሳቢው «ውሏ ሲታደስ» ብለዋል። በዚህ ምክንያት «አለች» ተብሎ ተጽፏል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

የሥር ክፍል ኃላፊዋ ባለፈው ቃለ ጉባኤ ገጽ 3 ላይ «ጮኹ» ተብሎ የተጻፈባቸው እንዲነሳላቸው ጠየቁ። እሳቸው እንዳልጮኹ፣ ድምፃቸው በተፈጥሮው እንዲህ እንደሆነ፣ የሚያውቃቸውም ሰው ይህን እንደሚያውቅ ገለጹ። የቅጠል ክፍል ኃላፊው እንደሚያውቁ አረጋገጡ። የሥር ክፍል ኃላፊዋ ይህም እንዲነሳላቸው ጠየቁ። ከረዥም ውይይት በኋላ «ጮኹ» የሚለው ቃል «ተሰሙ» በሚል ተተክቶ ቃለ ጉባኤው ጸደቀ። በዚህ ጊዜ የምሳ ሰዓት ደረሰ።

አባ ቧንቧ እጃቸውን አውጥተው ለአሥር ደቂቃ ችግኝ ቤት ደርሰው እንዲመለሱ ፈቃድ ጠየቁ። ሰብሳቢው እሳቸው ከወጡ ምልዓተ ጉባኤው አብሯቸው እንደሚወጣ አስረድተው ከለከሏቸው። ተመራማሪዋ ችግኝ ቤቱን እሷ አይታ ልትመጣ ጠየቀች። የንብረት ክፍል ኃላፊው ብቸኛው ቁልፍ የተመዘገበው በአባ ቧንቧ ስም ስለሆነ ለሌላ ሰው እንደማይሰጥ፣ አባ ቧንቧ ደግሞ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ለእሳቸውም እንደማይሰጥ ገልጸው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። ምሳ ወደ ክፍሉ መጣ።

አጀንዳ 2፦ የተክልን የሥራ ዓይነቶች ቁጥር መወሰን

ሰብሳቢው አንድ ተክል በጠቅላላው ስንት ዓይነት ሥራ እንዳለው ኮሚቴው ዛሬ ቁርጡን እንዲናገር ጠየቁ። ተመራማሪዋ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች ይህን ገና እየቆጠሩ እንደሆነ ተናገረች። የንብረት ክፍል ኃላፊው ቆጠራው ይህን ያህል እንደማያስቸግር፣ ካቢኔቱ አሥራ ሁለት መሳቢያ እንዳለው፣ ራሳቸው ቆጥረው ፈርመው እንደተረከቡት አስረዱ። ስለዚህ የተክል ሥራ አሥራ ሁለት ነው አሉ።

ተመራማሪዋ መሳቢያ ቁጥር 8 ከሁለት ዓመት ወዲህ እንደማይከፈት አስታወሰች። በመሳቢያው ላይ «ውኃ መቆጠብና ድርቅ መቋቋም» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ሰብሳቢው ተነስተው ሁለት ጊዜ ጎተቱት፤ አልተከፈተም። ወደ መቀመጫቸው ከተመለሱ በኋላ ማንም እያያቸው እንዳልሆነ ሲመስላቸው ለሦስተኛ ጊዜ ጎተቱት። የንብረት ክፍል ኃላፊው የጥገና መጠየቂያ ጽፈው ለሚመለከተው እንዳቀረቡና መልስ እየጠበቁ እንደሆነ ገለጹ።

ከረዥም ውይይት በኋላ የተክል ሥራ አሥራ አንድ እንዲሆን፣ ውኃ መቆጠብ መሳቢያው እስኪጠገን ድረስ ከተክል ሥራነት እንዲታገድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አባ ቧንቧ ሙሉ ድምፅ በተባለው ውስጥ እሳቸው ይኖሩበት እንደሆነ ጠየቁ። እንዳሉበት ተነገራቸው።

ተመራማሪዋ ጂን 212 የሚሠራው የታገደውን ያንኑ ሥራ እንደሆነ ተናገረች። ሰብሳቢው ወደ አጀንዳ 5 ሲደረስ ይታያል አሉ። ስብሰባው 11፡00 ላይ ለማግስቱ ተላለፈ። ችግኝ ቤቱ የሚከፈተው 4፡00፣ የሚዘጋው 10፡00 ስለሆነ አባ ቧንቧ ገብተው የሚወጡበት ክፍተት አልተገኘም። ሌሎቹን መደርደሪያዎች የሚያጠጣው በራሱ የሚከፈት ቧንቧ ስለሆነ ይህ እንደ ችግር አልተቆጠረም። በእጅ የሚጠጣው የተመራማሪዋ መደርደሪያ ብቻ ነው፤ እሱም ለሙከራ ሲባል ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ውኃ እንዳያገኝ ታዟል።

አጀንዳ 3፦ ጂን 77 (ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ)

የሥር ክፍል ኃላፊዋ ጂን 77 ሥር ውስጥ ሲሠራ ስለታየ መሳቢያ 1 እንዲገባ ጠየቁ። የቅጠል ክፍል ኃላፊው ይኸው ጂን ቅጠል ውስጥ ሲሠራ በማስረጃ ስለተያዘ የመሳቢያ 2 ነው አሉ። ካርድ የበዛለት ክፍል ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ስለሚሰጠው ክርክሩ ሳይንሳዊ ነበር።

የንብረት ክፍል ኃላፊው አንድ ሠራተኛ በሁለት ቦታ ተቀጥሮ መገኘቱ በደንቡ የተከለከለ መሆኑን ጠቅሰው ጂኑ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት ሐሳብ አቀረቡ። ተመራማሪዋ ጂን ማስጠንቀቂያ እንደማያነብ ገለጸች። ሌሎቹ ሠራተኞችም እንደማያነቡ፣ መጻፉ ግን እንደማይቀር ተነገራት።

የቅጠል ክፍል ኃላፊው ሁሉም ነገር ከአንድ ወገን ይወጣል ብሎ የሚያምን ሰው ካለ የልጅ ልጃቸውን ጆሮ መጥቶ ይመልከት አሉ። የሥር ክፍል ኃላፊዋ ጆሮው በእርግጥ የራሳቸው ወገን መሆኑን፣ አለመስማቱ ግን የወዲያኛው ወገን መሆኑን ገለጹ። የቅጠል ክፍል ኃላፊው ይህ ቃል በቃል ይመዝገብልኝ አሉ። የሥር ክፍል ኃላፊዋ ይመዝገብ፣ ከፈለጉም ይቀረጽ አሉ። ሰብሳቢው ሕፃኑ አባል ስላልሆነ በሌለበት ሊመደብ እንደማይችል ገልጸው አስቆሟቸው። ሁለቱ አያቶች እስከ ማታ ድረስ አልተነጋገሩም፤ ማታ በአንድ መኪና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከረዥም ውይይት በኋላ፦ ጂን 77 ከሁለቱ ሥራዎች አንዱን መርጦ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፤ ካላሳወቀ ሁለቱንም በገዛ ፈቃዱ እንደለቀቀ እንዲቆጠር፤ ማስጠንቀቂያው በቅጹ ላይ ተሞልቶ ግልባጩ ለተክሉ እንዲደርስ ተወሰነ።

በዚህ ቀን አባ ቧንቧ ሦስት ጊዜ ለመውጣት ጠይቀው ሦስቱንም ጊዜ ተከልክለዋል። የንብረት ክፍል ኃላፊው አንድ ትልቅ ሰው ከቧንቧ ጋር ይህን ያህል ምን እንደሚያወራ ጠየቁ። አባ ቧንቧ ጆጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

አጀንዳ 4፦ ሥራቸው ያልታወቀ ጂኖች (ረቡዕ እስከ ምሳ)

ሥራቸው ያልታወቀ አንድ መቶ አርባ ጂኖች እንዳሉ ተመራማሪዋ አቀረበች። የንብረት ክፍል ኃላፊው ሥራቸው የማይታወቅ ከሆነ ከተክሉ እንዲሰናበቱ ሐሳብ አቀረቡ። ተመራማሪዋ አለማወቁ የእኛ ጉድለት እንጂ የእነሱ እንዳልሆነ ተናገረች። ሰብሳቢው እዚህ ላይ ጣልቃ ገብተው፣ ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ ለረዥም ዓመት የቆየ ሁሉ ይሰናበት ከተባለ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም ብለው አባላቱን በዓይናቸው ዞሩ።  የማሰናበቱ ሐሳብ ደጋፊ አጣ።

ከረዥም ውይይት በኋላ አንድ መቶ አርባዎቹ ጂኖች «ጠቅላላ አገልግሎት» ተብለው መሳቢያ 12 ውስጥ እንዲገቡ ተወሰነ። በመሳቢያው ውስጥ የነበረው የሻይ ስኳር ወደ መስኮቱ ተዛወረ።

ሰብሳቢው ጂን 212ም እዚያው ገብቶ ሁሉም ሰው እንዲያርፍ ጠየቁ። ተመራማሪዋ ጠቅላላ አገልግሎት መደርደሪያ እንደማያሰጥ ጠቅሳ፣ እሷ ማረፍ እንዳልጠየቀች ተናገረች። ሰብሳቢው የድምፅዋ ቃና እንዲመዘገብ አዘዙ። ጸሐፊው ቃናው የደከመ ሰው ቃና እንደነበር ይመዘግባል።

አጀንዳ 5፦ ጂን 212 (ከረቡዕ ከሰዓት እስከ ሐሙስ ጠዋት)

ተመራማሪዋ በመደርደሪያዋ ላይ ሁለት ረድፍ የቲማቲም ችግኝ እንዳላት፣ በእያንዳንዱም ረድፍ ሃያ ሃያ ማሰሮ እንዳለ አስረዳች። የቀኙ ረድፍ ጂን 212 አለው። ከግራው ረድፍ ጂኑ ወጥቷል። ውኃ ሲቆም ጂን 212 ተክሉ በቅጠሉ በኩል የሚያባክነውን ውኃ ያስቆማል፤ ጂኑ የሌለው ተክል ግን በአራት ወይም በአምስት ቀን መውደቅ አለበት። በቤተ ሙከራ የለካችው ቁጥር ይህን ያሳያል። ሆኖም ባለፉት ዓመታት ሦስት ጊዜ ሞክራ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሁለቱም ረድፎች እኩል ቆመው ተገኝተዋል። አሁን ያለው አራተኛው ሙከራ ነው።

የቅጠል ክፍል ኃላፊው ጂኑ ኖረም አልኖረም ተክሉ ደንታ ከሌለው ኮሚቴው ደንታ የሚኖረው በምን ምክንያት እንደሆነ ጠየቁ። አክለውም፣ ተመራማሪዋ ለሥራ ያመለከተችበት ሌላ ተቋም እንኳ «ችግኞቹ ሲወድቁ ባዩ ሰዎች ፊርማ የተረጋገጠ ቆጠራ ይዘሽ ነይ» ብሎ እንደመለሳት ከሰው መስማታቸውን ገለጹ። ተመራማሪዋ እውነት ነው አለች።

የሥር ክፍል ኃላፊዋ ጂኑ ውኃ በሞላበት ቀን ምን እንደሚሠራ ጠየቁ። ተመራማሪዋ ምንም እንደማይሠራ፣ እንደሚተኛ ገለጸች። የንብረት ክፍል ኃላፊው በሥራ ሰዓት መተኛት የሚለው ይመዝገብልኝ አሉ። ተመራማሪዋ ያለችው ቃል በቃል እንዲመዘገብላት ስለጠየቀች ተመዝግቧል፦

«የእሳት አደጋ መኪና እሳት በሌለበት ቀን ቆሞ ይውላል። ሥራ ፈት ነው ብላችሁ ትሸጡታላችሁ?»

የንብረት ክፍል ኃላፊው ሁለት ዓመት ከቆመ በጨረታ እንደሚሸጥ መለሱ።

ተመራማሪዋ ሆድ ብሷት የሚከተለውን ተናገረች። እንዲመዘገብ አልጠየቀችም፤ ጸሐፊው ግን መዝግቦታል፦ «አራት ዓመት ሙሉ ቁጥሩ አንድ ነገር ይነግረኛል፣ ችግኞቹ መጥተው ያዋርዱኛል። ሌሊት ተነስቼ ከመጀመሪያው እደምራለሁ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ወይስ አብጃለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት።»

በዚህ ጊዜ የአባ ቧንቧ እርሳስ ወደቀ። ጎንበስ ብለው ሲፈልጉት ቆዩ፤ የተፈለገው እርሳስ እግራቸው ሥር ነበር።

ሰብሳቢው ጂኑ ጠቅላላ አገልግሎት ውስጥ ይግባ በሚለው ላይ ድምፅ እንዲሰጥ ጠየቁ። አባ ቧንቧ ችግኞቹን ሳያዩ እጃቸውን እንደማያወጡ፣ ከዚህ በኋላም ካላዩ ወንበሩ ላይ እንደማይቀመጡ ተናገሩ። ሰብሳቢው በአራት ሰው ድምፅ መስጠት እንደማይቻል ከንብረት ክፍል ኃላፊው በጆሯቸው ሲነገራቸው ኮሚቴው የመስክ ምልከታ እንዲያደርግ በራሳቸው አነሳሽነት ሐሳብ አቀረቡ።

አጀንዳ 6፦ የመስክ ምልከታ (ሐሙስ 4፡15)

አባ ቧንቧ ፈርመው ቁልፉን ተቀበሉና በሩን ከፈቱ። ከሰኞ ጀምሮ ወደ ውስጥ የገባ ሰው አልነበረም። ኮሚቴው ያየው እንደሚከተለው ነው፦

የቀኙ ረድፍ፦ ሃያውም ቆመዋል።
የግራው ረድፍ፦ አሥራ ስምንቱ ወድቀዋል፤ ሁለቱ ዘመዋል።

 ቀድመው የተናገሩት የንብረት ክፍል ኃላፊው ናቸው። ችግኝ የተቋሙ ንብረት ስለሆነ የሁኔታ ለውጥ ሲያሳይ ያየው ሁሉ መፈረም እንዳለበት ገልጸው፣ ከላይ ያለውን ቆጠራ በንብረት ሁኔታ ማረጋገጫ ቅጽ ላይ ሞልተው፣ ራሳቸውን ጨምሮ አምስቱንም አስፈረሙ። የሥር ክፍል ኃላፊዋ ግራና ቀኝ ከማን አቅጣጫ እንደሆነ ይገለጽ ስላሉ «ከበሩ ሲገባ» ተብሎ ተጨመረ።

አባ ቧንቧ በግራው ረድፍ ፊት ቆመው የሚከተለውን ተናገሩ። ጸሐፊው ሳይቀንስ ጽፎታል፦

«ልጄ፣ እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ነኝ። አታጠጣ ብለሽኛል፣ እሺ ብያለሁ። ግን አራተኛው ቀን ላይ ሳያቸው እነዚህ በግራ ያሉት አንገታቸውን ደፍተው አንጀቴን በሉኝ። ጆግ በእጄ ይዤ በአጠገባቸው እንዴት አልፋለሁ? የተጠማ ነገር ሳይ እጄ አያርፍልኝም። ቀና እስኪሉ ትንሽ ትንሽ አጠጣቸዋለሁ። ላንቺ ደግሞ ደስ የሚልሽ ይመስለኝ ነበር፤ ችግኞችሽ ደህና ናቸው እልሽ አልነበር?»

ተመራማሪዋ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ። አባ ቧንቧ ስደቢኝ አሏት። እሷ ግን ዓይኗን ጠርጋ «አባባ፣ በምን ያህል ነበር የሚያጠጧቸው?» አለች።

«በዚህ ጆግ ነዋ። ለእያንዳንዱ ሩብ ሩብ።»

«ሁሉንም ነው ወይስ ያጎነበሰውን ብቻ?»

«ያጎነበሰውን ብቻ። የቆመው ምን ሆነና?»

ተመራማሪዋ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። ጸሐፊው አስተያየት የመስጠት መብት የለውም፤ እርሳሱን ለጥቂት ጊዜ እንዳስቀመጠ ግን ይመዘግባል።

ኮሚቴው ወደ መዝገብ ክፍል ተመለሰ። በአርባ ደቂቃ ውስጥ፣ በሙሉ ድምፅ፣ የሚከተለው ተወሰነ፦ በውኃ ቁጠባ ላይ የተጣለው እገዳ እንዲነሳ፤ ጂን 212 መሳቢያ 8 ውስጥ እንዲመደብ፤ የተመራማሪዋ ውል ለሦስት ዓመት እንዲታደስ። ይህ በኮሚቴው ታሪክ ያለ ረዥም ውይይት የተወሰነ የመጀመሪያው ውሳኔ ነው። አባ ቧንቧ ፒንሳ አምጥተው መሳቢያ 8ን በአንድ ጊዜ ከፈቱት።

በመሳቢያው ውስጥ የተገኘው፦ አንድ የሞተ በረሮ፤ መሳቢያው እንዲጠገን የሚጠይቀው የሁለት ዓመት ደብዳቤ። ደብዳቤው የተጻፈው ለሰብሳቢው ሲሆን «አይቼዋለሁ፤ በቦታው ይቀመጥ» የሚል የሰብሳቢው ጽሑፍና ፊርማ አለበት። መዝገብ ክፍል በታዘዘው መሠረት ስለ መሳቢያ 8 የሚናገረውን ደብዳቤ በመሳቢያ 8 ስንጥቅ በኩል አስገብቶታል። ሰብሳቢው ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

አጀንዳ 7፦ ልዩ ልዩ (ከምሳ በኋላ)

የቅጠል ክፍል ኃላፊው መሳቢያ 8 ከተከፈተ እሳቸው ዘንድ በጊዜያዊነት የገቡ ሠላሳ ዘጠኝ የውኃ ቁጠባ ካርዶች ወደዚያ እንደሚመለሱ በምሳ ሰዓት እንደተገነዘቡ ገለጹ። የሥር ክፍል ኃላፊዋም ከእሳቸው አሥራ ሰባት እንደሚሄድ ተናገሩ። ሁለቱም ማቀዝቀዣቸውን ጠቀሱ። አያቶቹ ድምፅ ሳይጠየቁ በአንድ ጉዳይ ላይ ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያው ነው።

የንብረት ክፍል ኃላፊው ደግሞ አሥራ ስምንት ችግኝ በፊርማ መውደቁን፣ ችግኞቹ ሲወድቁ ቁልፉ በማን ኪስ እንደነበረ በቃለ ጉባኤው ላይ መጻፉን አነሱ። ሰብሳቢው ኪሳቸውን ዳሰሱ።

ከረዥም ውይይት በኋላ የንብረት ክፍል ኃላፊው አንቀጽ 6ን አነበቡ። በዚህ አንቀጽ መሠረት ሌላውን አባል የሚወክል ሰው የጽሑፍ ውክልና ሊኖረው ይገባል። አባ ቧንቧ ያላቸው ጆግ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ምልዓተ ጉባኤ አልነበረም፤ ምልዓተ ጉባኤ ካልነበረም ስብሰባ አልነበረም።

ተመራማሪዋ ምልዓተ ጉባኤ ከሌለ ይህንንስ በምን ሥልጣን ትወስናላችሁ ስትል ጠየቀች። ሰብሳቢው አባ ቧንቧ ለዚህ ውሳኔ ብቻ ሲባል እንደተገኙ ስለሚቆጠሩ አምስት ሰው እንደሞላ አስረዱ። አባ ቧንቧ ተቃወሙ። ተቃውሟቸው በቆጠራው ውስጥ መኖራቸውን ስለሚያረጋግጥ ኮሚቴው አመሰገናቸው። በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ የሚከተለው ተወሰነ፦

ሀ. ከአጀንዳ 1 እስከ 6 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር። የሥር ክፍል ኃላፊዋ «ጮኹ» ወደሚለው እንዲመለሱ። (ኃላፊዋ በዚህ ላይ ተሰምተዋል።)

ለ. መሳቢያ 8 እንዲዘጋ። የንብረት ክፍል ኃላፊው በእግራቸው ዘግተውታል፤ አሁን አይከፈትም።

ሐ. ጂን 212 መሳቢያ እንደሌለው እንዲቀጥል፤ የተመራማሪዋ መደርደሪያ ዓርብ እንዲጸዳ።

መ. አባ ቧንቧ ስብሰባ ባልነበረባቸው አራት ቀናት ከሥራ ገበታቸው ስለጠፉና ችግኞች ስለወደቁ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣቸው። ለጂን 77 ተሞልቶ የነበረው ቅጽ ስሙ ተሰርዞ እዚያው ተሰጣቸው።

ሠ. ስብሰባው ስላልተካሄደ ቃለ ጉባኤው ቁጥር እንዳይሰጠው፣ የተቋሙ መዝገብም እንዳይሆን።

ጸሐፊው የተቋሙ መዝገብ ያልሆነ ወረቀት ለውጭ ሰው እንዳይሰጥ የሚከለክል ደንብ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ሰብሳቢው ኮታቸውን እየለበሱ፣ በሌለ ወረቀት ላይ ደንብ ሊኖር እንደማይችል፣ ጸሐፊው እንዳሻው ሊያደርገው እንደሚችል ገለጹ። ጸሐፊው ከወረቀቱ ጋር የተያያዘውን የንብረት ሁኔታ ማረጋገጫ ቅጽ በተመለከተ የንብረት ክፍል ኃላፊውን ይፈረምበት እንደሆነ ጠየቀ። እሳቸውም በሌለ ስብሰባ የተሞላ ቅጽ ስለሌለ የሚፈረምበትም ነገር እንደሌለ መለሱ። በሥራ ዘመናቸው ሳያስፈርሙ ያሳለፉት ወረቀት ይህ ብቻ ነው።

በዚህ መሠረት ጸሐፊው ይህን ቃለ ጉባኤ፣ ሃያ የቆሙና አሥራ ስምንት የወደቁ ችግኞችን ከሚገልጸው፣ አምስት ሰዎች አይተው ከፈረሙበት ቅጽ ጋር አያይዞ ለተመራማሪዋ ሰጥቷል። ተመራማሪዋ ፊርማዎቹን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ወረቀቱን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ዓርብ ጠዋት ወዴት እንደሚሄዱ ጸሐፊው አልጠየቃቸውም፤ አውቆታል።

አባ ቧንቧ በሩ ላይ ቆመው፣ አሁንስ ማጠጣት ይቻላል ወይ ብለው ጠየቋቸው።

ተመራማሪዋ «አዎ አባባ፣ የቆሙትን ያጠጡልኝ» አሉ። ትንሽ አስበውም «የወደቁትንም» አሉ።

ያልተካሄደው ስብሰባ ሐሙስ ከቀኑ 9፡25 ላይ ተበተነ። አባ ቧንቧ ለቁልፉ እንደገና ፈርመው ወጡ።